ፋኑ ይዞራል፣ አየር ግን አይስብም፤ ሦስት ባለሙያ መጥቶ ሄዷል

ባለ ወርክሾፗ (ኮተቤ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ጭንቅ ስላለብኝ ነው።

ኮተቤ ትንሽ የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ አለኝ። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ እየሠራሁበት ነው። አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ የኩሽና ካቢኔት እንሠራለን። አምስት ልጆች ከእኔ ጋር ይሠራሉ። እኔም መላጊያ ማሽኑ ላይ እቆማለሁ፣ ቢሮ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ከኋላ በብርጭቆ ወረቀት የምናለሰልስበትና ቫርኒሽ የምንረጭበት ክፍል አለ። እዚያ ግድግዳ ላይ ቀንድ አውጣ የመሰለ ትልቅ የአየር ማስወጫ ፋን ተገጥሟል። ሞተሩ ሦስት ፌዝ ነው (በሦስት የመብራት መስመር የሚሠራ)፣ ፕሌቱ ላይ 2.2 ኪሎዋት፣ 380 ቮልት ይላል። በቺንጊያ ነው የሚዞረው። አራት ዓመት ያለ ችግር ሠርቶልኛል።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ መብራት ሄዶ መጣ። አረንጓዴውን ቁልፍ ስጫን ፋኑ አልነሳም። እምምም እያለ ያጉረመርማል። ሮጬ እስካጠፋው ድረስ የተቃጠለ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

ጎረቤት ካለው ጋራዥ ስልክ ተቀብዬ የመጀመሪያውን ባለሙያ ደወልኩለት። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት እዛ ነኝ» አለ። በአራት ሰዓት ስደውል «መንገድ ላይ ነኝ» አለኝ። በስምንት ሰዓት «መገናኛ ደርሻለሁ» አለኝ። ማታ ስልኩ ዝግ ነው። በሦስተኛው ቀን መጣ። ወርክሾፑን ዞር ዞር ብሎ አየና «ባለቤቱ የሉም?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። አንገቱን ነቀነቀና ወደ አንዱ ልጅ ዞሮ ስለ ሞተሩ ለእሱ ያስረዳ ጀመር። ልጁ ሥራ ከጀመረ ሁለት ወሩ ነው፣ ፌዝ ምን እንደሆነ አያውቅም። እያወራ እኔን አንድ ጊዜ እንኳ አላየኝም።

ዲናሞው (ሞተሩ) ተቃጥሏል፣ የውስጥ ሽቦው እንደ አዲስ መጠቅለል አለበት አለ። 12,000 ብር ተስማማን፣ 5,000 ቀብድ ሰጠሁት። «ሦስት ቀን» ያለው ሃያ ሁለት ቀን ሆነ። በመሀል ስንት ጊዜ እንደደወልኩ አልቆጠርኩም። ሲያመጣው አሮጌውን ሽቦ መልስልኝ አልኩት። «ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። መዳብ ነው፣ ቆራሌው በኪሎ ይገዛዋል፣ የእኔ ንብረት ነው። አልመጣም።

ብቻ ገጠመውና ሠራ። እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ ይስብ ነበር። አሥራ አንድ ቀን። ከዚያ ሞተሩ ያፏጭ ጀመር፣ ቀጥሎ ብረት በብረት ሲፋቅ የሚሰማው ድምፅ መጣ። ስደውልለት «ጥቅሉ ደህና ነው አይደል? እኔ የሠራሁት ጥቅሉን ነው» አለኝ።

ሁለተኛው ወጣት ልጅ ነው። በሰዓቱ መጣ፣ ሰላምታ ሰጠኝ፣ ከእኔ ጋር አወራ። ሞተሩን ከፍቶ ሲያሳየኝ ኩሽኔታዎቹ (ዘንጉ የሚዞርባቸው ባለ ኳስ ቀለበቶች) አሮጌ ናቸው፣ በቤንዚን ታጥበው ግራሶ ተቀብተው የተመለሱ። አዲስ ሁለት 6206 ኩሽኔታ ገዛን። በመዶሻ እየመታ አስገባቸው። ገጠመ፣ አስነሳ። ውጪ በቱቦው አፍ ላይ ሶፍት ያዘ፣ ሶፍቱ ተርገበገበ። «ይኸው» አለ። የእጁን ከፈልኩት፣ ሄደ።

በነጋታው ጠዋት ሥራ ጀመርን። በጣሪያው ፕላስቲክ በኩል የምትገባ የፀሐይ ብርሃን አለች። በዚያች ብርሃን ውስጥ ብናኙ ተንጠልጥሎ ቆሟል። ድሮ ወደ ፋኑ ሲሮጥ ነበር የማየው። አሁን ባለበት ይሽከረከራል። ምሳ ሰዓት ላይ ብርጭቆ ወረቀት የያዘው ልጅ ቀና ሲል ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ነጭ ሆኗል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሽማግሌ መስሎ አየሁት። ሆዴ ተላወሰ።

ደወልኩ። «ፋኑ እየዞረ አይደል?» አለኝ። እየዞረ ነው አልኩት። «ታዲያ?» አለኝ።

ይህቺን «ታዲያ» እስካሁን እየሰማኋት ነው።

ሦስተኛው መጥቶ ምንም ሳይነካ ከበሩ ላይ ቆሞ «ይሄ ፋን አንሶሻል፣ አዲስ ግዢ» አለ። የሚያውቀው ሱቅ አለ፣ 85,000 ብር። አራት ዓመት ይህንኑ ክፍል የጠረገ ፋን በአንድ ወር እንዴት እንደሚያንስ ስጠይቀው «ያረጃል» አለኝ። የትራንስፖርት 500 ብር ተቀብሎ ሄደ።

መስኮት ክፈቺ እንዳትሉኝ። ክረምት ነው። እርጥብ አየር ሲገባ ቫርኒሹ ሳይደርቅ ነጭ ጉም ይይዘዋል፣ ሥራው ይበላሻል። ከዘጋን ደግሞ የቲነሩ ሽታ ልጆቹን ራስ ያሳምማቸዋል። አሁን አንድ ሰዓት እየረጨን አንድ ሰዓት ውጪ እየቆምን ነው። ለነሐሴ ማብቂያ ቃል የገባሁበት የሦስት ክፍል ካቢኔት አለ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ፋኑ ምን ሆኖ ነው? ሁለተኛው ደግሞ፣ እናንተ ባለሙያ የምትቀጥሩት እንዴት ነው? ሰውየው ከበር ሳይወጣ ሥራው በትክክል መሠራቱን የምታረጋግጡት በምንድን ነው?

የዳቦ ቤት እናት (አዳማ)፦

እህቴ አይዞሽ። የአንቺን አንብቤ የራሴን ያነበብኩ መሰለኝ። እኔም ከምድጃው በላይ ሙቀት የሚስብ ፋን አለኝ፣ «ባለቤቱን ጥሪልኝ» መባሉንም ጠግቤዋለሁ። አሁን ገና በስልክ «ባለቤቷ እኔ ነኝ፣ ዋጋም ሥራም የምታወራው ከእኔ ጋር ነው» እላለሁ። የከበደው እዚያው ይቀራል፣ ትራንስፖርትም አላወጣ።

ስለ ፋኑ አላውቅም። ስለ ክፍያ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ በሦስት ነው የምከፍለው። ለዕቃ መግዣ ቀብድ፣ ሲገጠም ግማሹን፣ የቀረውን ሳምንት ሙሉ ዳቦ ከጋገርኩበት በኋላ። መጀመሪያ ላይ ሲሰሙ ይቆጣሉ። ጥሩ ባለሙያ ግን ይስማማል፣ ሥራውን ያውቀዋልና። ዕቃውን ደግሞ አብሬ ሄጄ ነው የምገዛው። እህል ፈትጌ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ሱቅ ለሱቅ መዞር አይደክመኝም።

ኤሌክትሪሻኑ (ሳሪስ)፦

እህቴ፣ 14 ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። ፋኑን ሳላይ እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም። ግን የጻፍሽው ውስጥ መልሱ ያለ ይመስለኛል። «አሥራ አንድ ቀን ጥሩ ይስብ ነበር» ብለሻል። ኩሽኔታ ተቀይሮ ሞተሩ እንደገና ሲታሰር መሳብ አቆመ። ኩሽኔታ አየር አይስብም። የተነካው ሌላ ነገር ሽቦው ነው።

በግልባጭ እየዞረ ይሆናል።

ሦስት ፌዝ ሞተር ላይ ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱ ቦታ ከተለዋወጡ ሞተሩ በተቃራኒ ይዞራል። ድምፁ ያው ነው፣ ፍጥነቱም ያው ነው። የጣሪያ ፋን ወይም ግድግዳ ላይ የሚገጠም ባለ ምላጭ ፋን ቢሆን ወዲያው ታውቂው ነበር፣ አየሩ ራሱ ይገለበጣልና። ቀንድ አውጣው ግን እንደዚያ አይደለም። ወደ የትኛውም ቢዞር አየር የሚያወጣው በዚያው በአፉ ነው። ወደ ኋላ ሲዞር በጣም ይዳከማል እንጂ አይገለበጥም። ሶፍቱ የተርገበገበው ለዚህ ነው። ልጁ ሊያታልልሽ አስቦ አይመስለኝም፣ ሶፍቱ እሱንም ሸውዶታል። ያን ሶፍት በቱቦው አፍ ላይ ሳይሆን ውስጥ፣ ልጆቹ በሚቆሙበት ቦታ መያዝ ነበረበት።

አሁን የምትችዪው ይህን ነው። የፋኑ ላሜራ ቤት ላይ ወደ የት መዞር እንዳለበት የሚያሳይ የቀስት ምልክት ይኖራል፣ በብናኝ ተሸፍኖ ሊሆን ስለሚችል ፈልጊው። ብሬከሩን አጥፍተሽ ፑሌጃው (ቺንጊያው የሚጠመጠምበት ጎማ) ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አስምሪ። ራቅ ብለሽ አስነሺውና ወዲያው አጥፊው። ፍጥነቱ እየቀነሰ ሲሄድ መስመሩ ወደ የት እንደሚዞር ይታይሻል። ከቀስቱ ጋር ካልገጠመ ችግሩ ታወቀ። ሽቦውን ግን አንቺ አትንኪው። 380 ቮልት ነው፣ ለሁለተኛ ጊዜ ዕድል አይሰጥም።

ሌላ ያሳሰበኝ ነገር አለ። መጀመሪያ ለምን ተቃጠለ? መብራት ሲመለስ አንዱ ፌዝ ሳይመጣ ቀርቶ ይሆናል። ሦስት ፌዝ ሞተር በሁለቱ አይነሳም፣ ቆሞ ያጉረመርማልና ይቃጠላል። ከዚህ ለማዳን ነው ኦቨርሎድ (ሞተሩ ከልክ በላይ ሲስብ የሚያስቆመው መከላከያ) ከኮንታክተሩ (ለሞተሩ መብራት ከሚሰጠውና ከሚያቋርጠው ማብሪያ) ሥር የሚገጠመው። ያንቺ ካለ ለምን አላጠፋውም? የሳጥኑን ውስጥ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። እጅሽን አታስገቢ።

ስለ እኛም ልናገር፣ ቅር አይበልሽ። ቆሜ ልፈትሽ ስል «ከእንግዲህ ምን ትጠብቃለህ?» የሚለኝ ባለ ንብረት ብዙ ነው። አምፔር መለካት፣ ማሽኖቹን ሁሉ አስነስቶ ማየት አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ለዚያች ሰዓት የሚከፍል የለም። ሰዉ የሚከፍለው ለዞረ ሞተር ነው። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ የመዳብ ሽቦም ኩሽኔታም ዋጋው ሌላ ሆኗል። ደንበኛው በድሮው ዋጋ ይከራከራል። አንዳንዱ ሞተር የሚጠቀልል ባለሙያ ለዚህ ብሎ በመዳብ ፋንታ አሉሚኒየም ይጠቀልላል። ልክ ነው እያልኩ አይደለም። ስለዚህ ሞተር ለጥቅለላ ከመስጠትሽ በፊት ሚዛን ላይ አውጪው፣ ሲመለስም መዝኚው። አሉሚኒየም ከመዳብ በብዙ ይቀላል። ኪሎው ከጎደለ ጠይቂ።

ነርሷ፦

እኔ ስለ ሞተር አላውቅም፣ ስለ ልጆቹ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። የእንጨት ብናኝ ቀላል ነገር አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 እ.ኤ.አ. ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ተርታ አስገብቶታል፣ በተለይ የአፍንጫና በዙሪያው ያሉ ክፍተቶች ካንሰር። አስምም ያባብሳል። ይህ ለዓመታት በመተንፈስ የሚመጣ ነው፣ በአንድ ወር ልጆቹ ይታመማሉ እያልኩ አላስደነግጥሽም። ግን ፋኑ እስኪሠራ ዝም ብሎ መጠበቅ የለም።

ወተት ታጠጪያቸው ይሆናል ብዬ እገምታለሁ፣ ቀለም ቤቱም ጋራዡም ያጠጣል። ወተት ምግብ ነው፣ ይጠጡ። ከሳንባ የሚያወጣው ነገር ግን የለም። ሳንባና ሆድ መንገዳቸው ለየብቻ ነው። ለብናኝ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም የብናኝ ማስክ ያስፈልጋል፣ ጨርቅ አይበቃም። ለቲነር ደግሞ ያ ማስክ አይሠራም፣ ከሰል ያለበት ማጣሪያ ነው የሚይዘው። የተቀመጠ ብናኝም በኮምፕሬሰር አትንፉት፣ ያረፈውን መልሶ ወደ አየር ያነሳዋል።

ባለ ወርክሾፗ (ኮተቤ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሥራ አስቁሜ ኤሌክትሪሻኑ እንዳለው አደረግሁ።

ብሬከሩን አጠፋሁ። መሰላል ላይ ወጥቼ ላሜራውን አየሁት። አራት ዓመት ሙሉ ቫርኒሽና ብናኝ ተደራርቦ እንደ ቅርፊት ተጋግሮበታል። በመሮ ጫፍ ቀስ እያልኩ ፋቅኩት። መጀመሪያ ግራጫ ቀለም ወጣ። ቀጥሎ ቀይ ነጥብ። ነጥቡን ተከትዬ ስፍቅ ጣቴን የሚያህል ቀይ ቀስት ወጣ። እዚያው ነበር። ሦስት ባለሙያ ሥሩ ቆሞ ሄዷል፣ እኔም አራት ዓመት በሥሩ አልፌያለሁ።

ጠመኔ አሰመርኩ። ትልቁ ልጅ ቁልፉ ጋ ቆመ፣ አስነስቶ ወዲያው አጠፋው። ፑሌጃው ፍጥነቱ እየቀነሰ ሲሄድ ነጩ መስመር ታየ። ከቀስቱ በተቃራኒ ነው የሚሄደው። ሦስት ጊዜ ደገምነው። ሦስቱም ያው ነው። ልጆቹ ሁሉ መሰላሉን ከበው ቆመዋል፣ ማንም አልተናገረም።

የሳጥኑንም ፎቶ አነሳሁ፣ ከታች ለጥፌዋለሁ። ኤሌክትሪሻኑ፣ እባክህ እየው። ከኮንታክተሩ ሥር ያለው ትንሽ ጥቁር ዕቃ ላይ 95 እና 96 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። ሁለቱ በቁራጭ ቢጫ ሽቦ ተያይዘዋል። ይህ ልክ ነው?

ኤሌክትሪሻኑ (ሳሪስ)፦

ልክ አይደለም። እህቴ፣ ሞተርሽን ያቃጠለው ያ ቢጫ ሽቦ ነው።

ኦቨርሎዱ ሞተሩ ከልክ በላይ አምፔር ሲስብ 95ና 96ን ይለያያቸዋል፣ ኮንታክተሩ ይለቃል፣ ሞተሩ ይቆማል። ሁለቱን በሽቦ ካያያዝሻቸው ኦቨርሎዱ ቢጮህም የሚሰማው የለም። ሰው እንዲህ የሚያደርገው ፋኑ በየጊዜው እያቆመ ሲያስቸግር ነው። ለምን እንደሚያቆም ከመፈለግ ይልቅ የሚያቆመውን አፍ ይዘጉታል። ፊርማ የለውም፣ ማን እንዳደረገው አይታወቅም።

ሽቦው ይነሳ፣ ኦቨርሎዱ ይፈተሽ፣ ካልሠራ ይቀየር። ፕሌቱ ላይ የተጻፈው አምፔር ላይ ይስተካከል። ሁለቱ ፌዞች ይለዋወጡ። ከዚያ በኋላ ቺንጊያው ጠብቆ፣ ክፍሉ በሩ ተዘግቶ እየሠራ ሦስቱም ፌዝ በክላምፕ (ሽቦውን አቅፎ አምፔር በሚለካ መሣሪያ) ይለካ። ሦስቱ የተቀራረቡ፣ ከፕሌቱ ያልበለጡ መሆን አለባቸው። የተለካውን ጻፊው። በመዶሻ የገቡት ኩሽኔታዎች ደግሞ ዕድሜያቸው አጭር ሊሆን ይችላል፣ ድምፃቸውን አዳምጪ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቲነር ስትረጩ ትነቱ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። የፋንሽ መሳቢያ ከፍ ብሎ ከሆነ ቱቦውን ወደ ታች አውርዱት። በረጫችሁበት ክፍል ውስጥም ብረት አትቁረጡ፣ መብራት ማጥፊያና ማብሪያውም ውጪ ይሁን።

ሐበሻ በሻርጃ፦

እኔ እዚህ የኤሲ ጥገና ላይ ነኝ። ስለ ጥያቄሽ ሁለተኛ ክፍል ልመልስ። እኛ ሥራ ስንጨርስ ሞተሩ ላይ ካርድ እናንጠለጥላለን። ቀን፣ የሠራው ሰው ስም፣ ምን እንደተነካ፣ ምን እንደተቀየረ፣ የሦስቱ ፌዝ አምፔር። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ከዚያ ይጀምራል። እኔ አገር ቤት ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም ነበር። የሠራሁትን በቃሌ ነበር የምነግር፣ እሱንም ከጠየቁኝ። አሁን ሳስበው ስንቱን ሰው አስቸግሬያለሁ።

ካርዱን አንቺው አዘጋጂ። ባለሙያው ሲመጣ ብዕር ስጪው። ምን እንደነካ የማይጽፍ ከሆነ ቀሪውን አትክፈዪ።

ባለ ወርክሾፗ (ኮተቤ)፦

ቃል እንደገባሁት ውጤቱን ልናገር።

መጀመሪያ ስለ ቢጫው ሽቦ። ማታ ቁጭ ብዬ አስታወስኩት። ከሁለት ዓመት በፊት ፋኑ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እየጠፋ አስቸግሮን ነበር። አንድ ሰው ጠራን። ሳጥኑን ከፈተ፣ አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም፣ ዘጋው። ከዚያ በኋላ አልጠፋም። 300 ብር ከፈልኩት፣ አመስግኜ ሻይ አጠጥቼ ነው የሸኘሁት። ፈጣን ባለሙያ ብዬ ለሌላ ሰውም ስልኩን ሰጥቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ስልኩን ለሰጠሁት ሰው ደውዬ የራሱን ሳጥን እንዲያስከፍት ነግሬዋለሁ።

ቀጥሎ ቀስቱን ፎቶ አንስቼ ለሁለተኛው ልጅ፣ ኩሽኔታ ለቀየረው፣ ላክሁለት። ምንም አልጻፍኩበትም። ተናድጄ ስለነበር ብጽፍ ክፉ ነገር ይወጣኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሳይደውል መጣ። መሰላሉ ላይ ወጥቶ ቀስቱን ብዙ ቆሞ አየው። ወርዶ «ሶፍቱን አምኜ ነው» አለኝ። ቀንድ አውጣ ፋን በግልባጭም እንደሚነፋ ማንም አላስተማረውም። የኤሌክትሪሻኑን ጽሑፍ አስነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበበው።

ሠራልኝ፣ ገንዘብ አልጠየቀም። ብሬከሩን አጥፍቶ ሦስቱንም መስመር በቴስተር ካየ በኋላ ሁለቱን ሽቦ አለዋወጠ። ቢጫዋን ነቀላት። ኦቨርሎዱን ሲፈትሸው አልሠራም፣ አብረን ሄደን አዲስ ገዛን። እኔ ነኝ ዋጋውን የተከራከርኩት፣ እሱ ዕቃውን መረጠ። ፕሌቱ ላይ 5.1 አምፔር ይላል፣ እዚያ ላይ አስተካከለው። ከዚያ አልለቀቅኩትም። በሩን ዘጋን፣ ሁለት ልጆች ብርጭቆ ወረቀት ያዙ፣ ግማሽ ሰዓት ሠሩ። እሱ በክላምፕ ለካ። 4.6፣ 4.7፣ 4.6። ለዚያች ግማሽ ሰዓት ከፈልኩት። «ለመቆም ነው የምትከፍዪኝ?» አለኝ። አዎ ለመቆም አልኩት።

ብናኙ በብርሃኗ ውስጥ ወደ ፋኑ ይሮጣል። ትልቁ ልጅ እጁን በመሳቢያው አጠገብ ይዞ «እትዬ፣ እጄን ይጎትተዋል» አለኝ። ጄሶ ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፣ ገጹ እንደ ድሮው ወደ ፋኑ እያጋደለ ይንሿሿል። ለካ እሱ ከቆመ ወር አልፎታል፣ ልብ አላልኩትም ነበር።

ካርድ ከካርቶን ቆረጥኩ። ልጁ ቀኑን፣ ስሙን፣ ኩሽኔታ 6206 ሁለት፣ ኦቨርሎድ አዲስ፣ ሁለት ፌዝ የተለወጠ ብሎ አምፔሩን ጻፈበት። ብናኝ እንዳይበላው በፕላስቲክ ጠቅልዬ ሳጥኑ በር ላይ ከውስጥ በኩል ለጥፌዋለሁ። ቀዩን ቀስትም ዙሪያውን በነጭ ቀለም አጉልቼዋለሁ። ልጁ ከመሄዱ በፊት ቀስቱን ለራሱ ፎቶ አነሳው።

ነርሷ እህቴ፣ ማስኩን ገዝቼአለሁ። በኮምፕሬሰር መንፋቱንም አስቁሜአለሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ ነው የምንጠርገው። ወተቱን አልተውኩም፣ ልጆቹ ይወዱታል።

ቱቦውን ወደ ወለል ማውረዱ ይቀረኛል። አሁን መሳቢያው ከወለል ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው። ላሜራውን እኛው እናጥፈዋለን። ኤሌክትሪሻኑ፣ ከወለሉ ምን ያህል ከፍ ይበል? ቅዳሜ ሥራ የለንም፣ ያኔ ነው የምንሠራው።

ኤሌክትሪሻኑ (ሳሪስ)፦

ደስ ብሎኛል። ከ30 እስከ 50 ሴንቲሜትር ባለው ውስጥ አድርጊው፣ አፉ ላይ ወንፊት ሽቦ ይኑር፣ ጨርቅ እንዳይስብ። ክርናቾቹን አታብዢ፣ እያንዳንዱ መታጠፊያ ጉልበት ይበላል። የላይኛውን መሳቢያ ሙሉ በሙሉ አትድፈኚው፣ መክፈቻ አድርጊለት፤ ብርጭቆ ወረቀት ስትሠሩ ላዩን፣ ስትረጩ ታቹን ትከፍቻለሽ። ሲያልቅ አምፔሩን እንደገና ለክተሽ ካርዱ ላይ አስጽፊ። ቅዳሜ ከሰዓት ኮተቤ አካባቢ ሥራ አለኝ፣ ካላስቸገርኩሽ መጥቼ አየዋለሁ።

ባለ ወርክሾፗ (ኮተቤ)፦

ና፣ በደስታ። ክላምፕህን ይዘህ ና። ቡና አፍልቼ እጠብቃለሁ።